ከዕቃ ቤቱ ጀርባ የበቀለው

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ባልሽንስ ያ ሳል ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በገና ካርድ ላይ ስሜን ብቻ ጽፌ ስልክልሽ ከርሜ፣ ዛሬ ይህን ሁሉ ስታዪ "ምን ነካት?" ትያለሽ። ብቻ ሳታነቢ እንዳትቀዳድጂው፣ አደራ።

በጥር ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ያለውን እሾህ ስመነጥር፣ ማንም ያልተከለው ቁጥቋጦ አገኘሁ። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ነው፤ ቅጠል የለውም። ቅርንጫፍ ቆርጬ በማርማላታ ጠርሙስ ወጥ ቤት አቆየሁትና፣ ሐሙስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወሰድኩት። የአትክልተኞች ማኅበራችን ስሙ ያልታወቀ ተክል ሁሉ የሚቀርብበት ጠረጴዛ አለው። ከአባላቱ አንዷ ሚስ ፕሪቸት እኔን ስታይ በሳቅ ሞተች። "የሰው ግቢ አረም በላቲን ስም ስትጠሪ የኖርሽው ሴትዮ፣ የራስሽ ግቢ አቃተሽ?" አለችኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሻይ እስክንጠጣ ድረስ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ነበርና አንዷ እንቡጥ ፈነዳች። ቀለሟ ሮዝ ነው። ሽታዋ ሲመጣብኝ የእማማ የፊት በር ትዝ አለኝ። ሽማግሌው ሚስተር ትራይብ መነጽሩን አወለቀና "ዳፍኒ የምትባለዋ ቁጥቋጦ ናት። ወፍ ካልወሰዳት ፍሬዋ እናቲቱ ተክል ሥር ነው ወድቆ የሚበቅለው። ድሮ ነበረሽ እንዴ?" አለኝ። "በሕይወቴ ኖሮኝ አያውቅም!" አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ዋሸሁ። እህቴ፣ ከእማማ የፊት በር አጠገብ የነበረችውን ዳፍኒ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ቤቱ ሊሸጥ ሲል እማማ "ዳፍኒዋ ለትንሿ ትሁን" ማለቷን ስሰማ ቅናት አንጀቴን በላው። በሐምሌ፣ ፍሬዋን እንደያዘች፣ ማንም ሳያየኝ ቆፍሬ ወሰድኳት። ዳፍኒ ከቦታዋ እንደማትነሳ ለሰው የማስተምር እኔ! ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ደበቅኳት፤ በሁለት ሳምንት ደረቀች፣ አቃጠልኳት። አንቺን ግን በእማማ ቀብር ላይ ሌባ አልኩሽ። እየማልሽ ስታለቅሺ ጀርባዬን ሰጠሁሽ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል፤ ምን ዓይነት እህት ነኝ!

አንድ ነገር ልጨምር። የነቀልኩ ዕለት ከሰዓት በኋላ እማማ ወዳለችበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የድሮ ጎረቤቷ ቀድማ ደውላ ዳፍኒዋ ከነበረችበት ስለቀረው ጉድጓድ ነግራታለች። "ማን ወሰዳት?" ስትለኝ ስምሽን ጠራሁ። እማማ እጄን ይዛ አፈር የቀረበትን ጥፍሬን አገላብጣ አየችና፣ "ሂጂ፣ ጥፍርሽን ታጠቢ" አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ዳፍኒዋ አንስታ አታውቅም። እስከ ሐሙስ ድረስ ለንጽህና ብላ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ።

የሚመጣው ሐሙስ ለማኅበሩ እነግራቸዋለሁ፤ ሚስ ፕሪቸት የፈለገችውን ትበል። ቁጥቋጦዋ ያንቺ ናት፣ ግን ነቅዬ አላመጣልሽም። የካቲት ሳያልቅ ታብባለች። እባክሽ በባቡር ነይ፤ ጣቢያ ድረስ ወጥቼ እቀበልሻለሁ። ባትመጪም አልቀየምሽም፣ አፍ የለኝም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ይባርክ።

ጥፍሯን ሳትታጠብ የኖረችው
ታላቅ እህትሽ