ሚልካ ጆሮዋ ላይ የምትይዘው ድንጋይ

ልጄ ጆቴ፣ አካም ጅርታ? ሰውነትህ እንዴት ነው? የሰመራ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እኔም ጉልበቴ ያመኛል እንጂ ምላሴ ደህና ነው። የሚጽፍልኝ ጎረቤታችን ኑሬ ነው፤ ቃል እንዳይጨምር፣ ለሰውም እንዳይናገር አስምዬዋለሁ። በስልክ ያልነገርኩህ ሚስትህ ሚልካ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ደብዳቤ መላኬን ታውቃለች፤ ያለበትን ግን አታውቅም።

ጓሮ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ሳስቆፍር የሰጎን እንቁላል የሚመስሉ ድንጋዮች ወጡ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። የጥንት አውሬ እንቁላል ነው፣ የዘመን ብዛት አደረቀው አሉ። ለጉድጓዱ ሥራ ከአዳማ የመጣው መሐንዲስ ግን ሳቀባቸው። «እንቁላል አይደለም አባባ፤ አለቱ ውስጥ ክፍተት ነበር፣ ውሃ ማዕድን እያመጣ ሞላው» አለኝ። ገባኝ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ጅል አይደለሁም።

ችግሩ አንዱ ድንጋይ ነው። ሲነቀንቁት ውስጡ ኳ ኳ ይላል። እናትህ ጉዲቱ «ይሄስ እርጉዝ ነው» ብላ ቀለደች፤ ቀልዷ እሳት ሆነብን። ሚልካ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች አይደል፣ ድንጋዩን ወስዳ ራስጌዋ አኖረችው። ጠዋት ጠዋት ጆሮዋ ላይ ይዛ ትነቀንቀዋለች። ከተሰማት ትበላለች፤ ካልተሰማት እህል አትቀምስም። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፣ ፅንሱ ደህና ነው አሉ። እሷ ግን «እነሱ ምን ያውቃሉ፣ እሱ ይነግረኛል» አለች። እናትህንም «እማዬ፣ ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ተኝቷል» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ ገበያ ስትወርድ ጠብቄ በመዶሻ ፈለጥኩት። ውስጡ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ነጭ ነገር፣ መሐሉ አንዲት ጠጠር። በቃ፣ ሌላ የለም። ስብርባሪውን ጉድጓዱ ውስጥ ጣልኩና ከሌሎቹ ድንጋዮች መልኩ አንድ የሆነውን፣ ድፍኑን፣ በቦታው ተካሁ። እኔው ነቅንቄዋለሁ፤ ዝም ያለ ነው። ዝም ሲላት አልቅሳ ይወጣላታል ብዬ ነበር።

መጣች፣ ጆሮዋ ላይ ያዘችው፣ ፈገግ አለች። «አባባ፣ ዛሬማ በርትቷል፣ ስማው» ብላ ሰጠችኝ። ጆቴ፣ የፈለጥኩት እኔ፣ የቀየርኩት እኔ። ነቀነቅኩት። ሰማሁት።

ሰው ለምኜ አላውቅም፣ አንተን ግን ለመንኩህ፤ ሳትወልድ ድረስላት። እኔ መዶሻ ሁለተኛ አላነሳም።

እናትህ ጉዲቱ ጉንጭህን ስማሃለች። እህትህ ኢፍቱ ናፍቆትህ ገደለኝ ትላለች። ኑሬም ሰላም ብሎሃል። ሚልካ ደግሞ አንድ እጇን ሆዷ ላይ፣ አንዱን ድንጋዩ ላይ አድርጋ «ከሦስታችንም ሰላም በልልኝ» ብላለች።

አባትህ ኦሊቃ
ወለንጪቲ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.