የጋሼ ጆሮና የቮልሷ ቀጭ ቀጭታ

ሰኞ

አሁንም አለ። ጠዋት ከግቢ ሳወጣት ቀጭ ቀጭ፣ ድልድዩ ጋ ስደርስ ቀጭ ቀጭ፣ ዳገቱ ላይ ነዳጅ ስሰጣት ደግሞ ፈጠን ብሎ ቀጭቀጭቀጭ። የግድግዳ ሰዓት ጭኜ የምዞር ነው የሚመስለው። የቮልሷ ሞተር ተፈቶ ከተሠራ ገና ሳምንቱ ነው። የሠራው ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ተስፋዬ ነው።

ቮልስ ውሃ አትጠጣም፣ በነፋስ ነው የምትቀዘቅዘው፤ ትንሽ መንጫጫት ልማዷ ነው። ይህ ግን ሌላ ነው። ነጋዴ ነኝ፤ ማር ስገዛ መፈተሻ እንጨቴን እስከ ዕቃው ሥር ሳልሰድ ዋጋ አልጠራም፤ ጥሩው ከላይ፣ መጥፎው ከታች እንደሚሆን አውቃለሁ። ይህም ድምፅ ከታች ያለ ነገር ነው።

ማታ ለጋሼ ነገርኩት። "አዲስ ሞተር ነው፣ ይለማመዳል" አለኝ።

ማክሰኞ

ጋራዡ ባዶ ነበር። የዞኑ መሥሪያ ቤቶች መኪኖቻቸውን ታች ሠፈር ላለው ወጣት መካኒክ መስጠት ከጀመሩ ወዲህ፣ ጋሼ ጋ የምትቆመው የአቶ በቀለ አሮጌ ፒክአፕ ብቻ ናት። እውነቱን እዚህ ልጻፈው፤ የእኔ ሞተር ገና ይሠራ ነበር። ያስፈታሁት የጋሼ እጅ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው።

"አንተ ነጋዴ፣ ልትገዛ ያሰብከውን ዕቃ ማጣጣል ለምዶብህ ነው" ብሎ ጋሼ ሳቀብኝ። "እሺ፣ እንፈትሽልህ።"

ቺንጋውን፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ፈታ። ቺንጋው ሲወጣ ዲናሞውና ነፋስ ሰጪው ይቆማሉ፤ ድምፁ የእነሱ ከሆነ መጥፋት አለበት። አስነሳት። አልጠፋም። እንዳትግል ቶሎ አጠፋትና ቺንጋውን መለሰ። ቀጥሎ የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ በአንድ እየነቀለ ፊቴን ያያል። ከጭስ መውጫው በኩል የሚተነፍስ ነገር ቢኖር አንዱ ሲነቀል ድምፁ ይለወጥ ነበር። አልተለወጠም።

"አለ፣ ጋሼ።"

ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ አሳርፎ እጀታውን ከጆሮው አስጠግቶ አዳመጠ። ዱሮ እንዲህ ሲያደርግ ሐኪም ይመስለኝ ነበር። ብዙ ቆየ። ቀና አለና፣ "ጸጥ ብላለች። ጆሮህን ታጠብ" አለኝ።

ድምፁ ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር።

ረቡዕ

ዝናብ። ያሰጣሁት ኮረሪማ አልደረቀም። ከደካ ይመጣል የተባለው ማርም አልመጣም።

ምሳ ጋሼ ቤት በላሁ። ሚስቱ እትዬ አስካለ ስለ ድምፁ ስነግራቸው፣ "እኔን መስማት ካቆመ ስንት ዘመኑ፣ መኪናዋንስ ለምን ይሰማል?" አሉ። እኔ ሳቅሁ። እሳቸው ግን ሳህኑን ሲያነሱ ፊታቸው አልሳቀም። ጋሼ ሽሮውን እያጠቀሰ ነበር፤ ምን እንደተባለ አልጠየቀም።

ሐሙስ

የጠረጠርኩትን ሳልፈትን አላድርም። ዛሬ ፈተንኩ። ምነው ባልፈተንኩ።

ጋሼ የፒክአፗ ጎማ ላይ ጎንበስ ብሎ ሳለ ከኋላው ቆምኩና በተለመደው ድምፄ፣ "ጋሼ፣ ዳዶ ጣልክ" አልኩት። ዝም። ደገምኩት። ዝም። ዞሬ ፊት ለፊቱ ሆኜ ያንኑ ስለው፣ "የቱ ጋ?" ብሎ መሬቱን በመዳፉ ይዳብስ ጀመር።

የወደቀ የብሎን ዳዶ አልነበረም። ሲፈልግ ቆሜ ማየት አቃተኝ። አብሬው ተንበርክኬ ፈለግሁ።

ዓርብ

ዝም ልል እችላለሁ። ቮልሷን ጅማ ወስጄ ባሠራት እሱ አይሰማም።

ግን የአቶ በቀለ ፒክአፕ ፍሬኗ ተፈቶ እሱ እጅ ላይ ነው። ወደ ሺሺንዳ ገበያተኛ የምትጭን መኪና ናት። ፍሬን ከመክዳቱ በፊት በቀጭኑ ይጮሃል፣ ያን ጊዜ ስማው ብሎ ያስተማረኝ ጋሼ ራሱ ነው። ሰው በጫነ መኪና ላይ ይሉኝታ አይሆንም።

እንዴት ብዬ ልንገረው? ለገዢ መናገር አያቅተኝም። ለወንድሜ አፌ ተያዘ።

ቅዳሜ

አባባን አስታወስኩ። ማንኪራ ጫካ ውስጥ፣ ከፍ ያለ ዛፍ ላይ የሰቀለውን ቀፎ በረጅም ዘንግ ይነካና ጫፉን በጥርሱ ይነክስ ነበር። ንብ መግባቷን ጥርሱ ላይ ከሚደርሰው ንዝረት ነበር የሚያውቀው።

ቮልሷን ጋራዡ በር ላይ ሞተሯን ሳላጠፋ አቆምኳት። ካቻቢቴውን ሰጠሁት። "በጥርስህ ያዘው፣ እንደ አባባ።"

ሊስቅ ሲል ፊቴን አየና ተወው። ብረቱን ሞተሩ ላይ አሳርፎ እጀታውን ነከሰ። ዓይኑ ፈጠጠ።

"አለች" አለ። ቀጥሎ፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰማት?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"ምነው ታዲያ አጥብቀህ ሳትነግረኝ?"

"ነግሬህ ነበር፣ ጋሼ።"

ጋሼ ሞተሩን አጠፋ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀና ክዳኑን ከፈተ። የአንዱ ቫልቮላ ማስተካከያ ዳዶ አልጠበቀም፤ በጣቱ ዞረለት። ክፍተቱን ለክቶ አጠበቀ። ክዳኑን መልሶ አስነሳትና እንደገና ነከሰ።

"ሄደች?" አለኝ።

"ሄደች።"

"ማክሰኞ የሰማሁት በልቤ ያለውን የዱሮ ድምፅዋን ነው" አለ። "እንዴት መጮህ እንዳለባት ስለማውቅ ያንን ሰማሁ።"

ካቻቢቴውን ጠርጎ ቦታው አስቀመጠው። "የበቀለን ፒክአፕ ታች ይውሰዱለት። ፍሬኗን ያ ልጅ ይይላት።" በሩን ሲዘጋ አገዝኩት። ቆርቆሮው በጣም ጮኸ፤ ዞር ብሎም አላየው።

እሑድ

ጋሼ ቅዳሴ አልመጣም። እትዬ አስካለ ብቻቸውን ቆመው አየኋቸው። "ተኝቷል" አሉኝ። እንዳልተኛ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሰኞ

ወደ ሺሺንዳ ስወጣ አልጠራሁትም፤ ራሱ መጥቶ ከጎኔ ገባ። ኮቱን ለብሷል። ያለ ሥራ ልብሱ ሳየው ያረጀ መሰለኝ።

መንገዱ እስኪጋመስ ሞተሩን አዳምጥ ነበር፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። የቮልስ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ከበሮ ውስጥ የተቀመጥን ያህል ሆነ። ሞተሯ ትሥራ ትቁም መለየት አቃተኝ። ዳገቱ ላይ ልቤ ፈራ።

ጋሼ ፊቴን አየና፣ "ትሰማታለህ?" አለ።

እንደማልሰማ ራሴን ነቀነቅሁ።

የማርሹን ዘንግ በመዳፉ ያዘ። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።

"ደህና ናት፣ ንዳ" አለኝ።

ምንም አልሰማሁም። ነዳሁ።