የወንበርሽን ጨርቅ ፍቺው

ሬዲዮ፣

አልጋዬን ባዶ ስታዪው አትደንግጪ። ከግቢ ውጪ፣ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጓሮ ጸጥ ያለች ክፍል ተከራይቻለሁ። የዶርም ቁልፌን ለፕሮክተሯ መልሻለሁ። መስኮቱ ከታች ገፋ ካላደረግሽው አይቆለፍም።

ደክሞኛል፣ ስለዚህ አላስረዝምም።

እንደገባን ሰሞን፣ ወሬሽ አላልቅ ቢለኝ "ሬዲዮ" የሚል ስም አውጥቼልሽ "ጸጥታ ከሌለ ማጥናት አልችልም" ስልሽ፣ "እሺ፣ ፈታኟ!" ብለሽ ሳቅሽ። ከዚያ ወዲህ ክፍላችን ውስጥ በካልሲ ነው የምትሄጂው። ሳል ሲይዝሽ እንኳ አፍሽን በትራስ አፍነሽ ትስያለሽ።

ትናንት ውሃ ልቀዳ ስወጣ ደረጃው ላይ ያለ ጃኬት ኩርምት ብለሽ ስልክ ታወሪ ነበር። "እማዬ፣ ቀስ በይ፣ ፈታኟ እያጠናች ነው" ስትዪ ሰማሁሽ። እናትሽ ያን ያህል ርቃ ሳለች የእሷንም ድምፅ አስቀነስኩ ማለት ነው። ተመልሼ መጽሐፌን ገለጥኩ፤ አንድም መስመር አልገባኝም።

አንድ ቀን "አበዛሽው" ብትዪኝ ምን ነበረበት?

እንዳይንቋቋ ብዬ የወንበርሽ እግር ላይ ያሰርኩትን ጨርቅ ልፈታው ብል ቋጠሮው እምቢ አለኝ። መቀሱን ትቼልሻለሁ፣ ቁረጪው።

ዛሬ ለእናትሽ አልጋሽ ላይ ሆነሽ ደውዪላት። ደረጃው ይበርዳል።

ፈታኟ