አሸዋ የጎረሰ ደረጃ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ ፲፫

ዛሬም አልመጣም። አብሮ አደጌ ግራዝማች ታከለ ከደጄ የድንጋይ ደረጃ ላይ ተንሸራቶ በቂጡ ከወረደ ወዲህ ገበጣው ጠጠሩን እንደያዘ ተቀምጧል። አጥንቱስ ደህና ነው። የከለከለችው ልጁ ወርቄ ናት። «አያ አንለይ፣ ደረጃው ይድረቅ፤ አባባ መስከረም ሲጠባ ይመጣሉ» አለችኝ። እስከ መስከረም ከማን ጋር ልነታረክ? የልጅ ልጆቼም ደምበጫ ናቸው፤ በዚህ ጭቃ አይመጡም። የሚያወራኝ የጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ እሱም እኔን አያስተነፍስም።

ድንጋዩን ወርጄ አየሁት። እንደኔው ሸብቷል፤ የሱ ሽበት ግን አረንጓዴ ነው።

ረቡዕ

ሽበቱን በአሮጌ ማጭድ ፋቅሁለት። ፍም አስጠግቼ ድንጋዩን አደረቅሁ። ከበሩ የተረፈ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ነበረኝ። ቀለም ብቻውን ግን ይብስ ያንሸራትታል። አሰብሁ። ግድግዳ ሲመረግ ጭቃውን የሚያጠነክረው ምንድን ነው? ጭድ። እንግዲያው የጤፍ ጭድ ከቀለሙ ጋር ለውሼ ቀባሁትና ሸራ አለበስሁት። በራሴ ኮራሁ።

ዓርብ

ኩራቴ አላደረም። ዝናቡ በሸራው ሥር ገብቶ ጭዱ ውሃ ጠጥቶ አበጠ። የጎረቤቴ የብርቄ ዶሮዎች ሲጭሩት አረፈዱ። ብረግጠው እንደ ተልባ አሙለጨለጨኝ፤ አጥሩን ይዤ ተረፍሁ።

ብርቄ ከአጥር ማዶ፣ «አያ፣ ደረጃ ነው ወይስ የበሬ መኖ?» አለችኝ።

«ለግራዝማች ነው፤ ከበላ ይብላው» አልኋት። ሳቀች።

ብወድቅ ኖሮ ማን ያነሳኝ ነበር? ይህን አልነገርኋትም።

ቅዳሜ

ጭዱን ፍቄ ጣልሁ። የወንዝ አሸዋ አስመጣሁ፤ ከብርቄ ወንፊት ተዋስሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ እኔም አልተናገርሁም። ድንጋዩን እንደገና በፍም አደረቅሁ፣ ቀባሁ፣ ሳይደርቅ አሸዋውን እንደ ጨው ነሰነስሁበት። ሲይዝ የላላውን አሸዋ ጠርጌ በላዩ ቀለም ደገምሁበት። ሸራ አለበስሁት። ወገቤ ሊቆረጥ ነው።

እሑድ

ቀለሙ እስኪደርቅ በጓሮ በኩል እንደ ጅብ እየሾለክሁ ነው የምወጣው የምገባው። ብርቄ ወንፊቷን አየችው። «አሁን በዚህ ዱቄት ልነፋ ነው?» «ጥርስ ያለው ይበላዋል» ብያት ሸሸሁ። አዲስ ልገዛላት ነው፤ እስከዚያ ግን ትንሽ ትናደድ።

ለግራዝማች ደረጃው እንዳማረ አስነገርሁ። መልስ የለም። ምናልባት እግሩ ሳይሆን ልቡ ፈርቶ ይሆናል። ያን ጊዜ አሸዋ ምን ያደርግለታል?

ሰኞ፣ ገብርኤል

ግራዝማች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ምርኩዙን ይዞ ከታች ቆመ። ከደጃፌ ሆኜ አየሁት።

«ይሄ ሰማያዊ ምንድን ነው?»

«ሰማይ ነው። አንተን በሌላ መንገድ አያስገቡህም።»

ጫማውን አወለቀና በባዶ እግሩ ዳሰሰው። «የድመት ምላስ ይመስላል» አለ። ቀስ እያለ፣ እያጉረመረመ፣ ወጣ። ገበጣ ሁለቴ አሸነፈኝ። አጭበርብሮ ነው። ሌባ ብዬ ሰደብሁት፤ እንዴት ደስ አለኝ።

ሲሄድ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። እስኪወርድ እግሩን እግሩን አየሁ። ሲወርድም ስለ ጠጠሮቹ እየተከራከረ ነበር፤ እግሩን አንዴም አላየም።

ተመልሼ ስገባ ምርኩዙ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ከታች ሲሄድ ይታየኝ ነበር፤ አልጠራሁትም። ላክልኝ ቢልም አልክም። ይምጣና ይውሰደው።