ፊትሽ ሞላ ያላችሁኝ ሰሞን

ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ ሰብለወርቅ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የላክሁልሽ ቅባት አሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አደልሽው? የአባዬ ሳል ለቀቀው? እህቴ ሔራንስ፣ ማቅለሽለሹ ተወት አደረጋት? እኔና ኤልዳድ ከነልጃችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዳላስ ሙቀት ገና አልበረደም፤ ኤልዳድ ሲነዳ ውሎ የተቀቀለ ድንች መስሎ ነው ቤት የሚገባው።

ይኼን ሁሉ በስልክ አትዪኝም ነበር ወይ ትዪ ይሆናል። ሞክሬያለሁ እማዬ። ድምፅሽን ስሰማ ያሰብኩት ይጠፋብኝና ስለ ዝናብና ስለ ጎረቤት አውርቼ እዘጋለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ጆኒ ወደ ሐዋሳ ሊመጣ ስለሆነ በእሱ ልላክልሽ ብዬ ጻፍኩት። ለሔራንም አንብቢላት፤ እርግዝናዋ ገና ሦስተኛ ወሩ ነውና ጊዜ አለን።

አምና እርጉዝ ሳለሁ የላክሁልሽን ፎቶ ታስታውሻለሽ? ፊትሽ ሙልት ብሏል፣ እሰይ፣ እርግዝናው ተስማምቶሻል ብለሽ ለሰፈሩ ሁሉ አሳየሽው። እዚህም እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ጉንጬን እየነኩ አማረብሽ ይሉኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሲታ እየተባልኩ ያደግሁ ነኝና እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ቀለበቴ አልወልቅ ሲል፣ ጫማዬ እምቢ ብሎኝ በኤልዳድ ነጠላ ጫማ ጸሎት ስሄድ እንኳ ወፈርኩ ብዬ ሳቅሁ። ራሴን ሲፈልጠኝም ሥራው ነው አልኩ። የሐኪም ቀጠሮዬ ፋርመርስ ብራንች በሚባለው ከተማ ካለው የመጋዘን ሥራዬ ጋር ሲጋጭብኝ ቀጠሮውን አስተላለፍኩት። ምነው ሥራውን በተውኩት ኖሮ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ቀን ዕቃ እያሸግሁ ሳለ ዓይኔ ጭልም አለብኝና አለቃዬ እያከነፈች ሐኪም ቤት አደረሰችኝ። ለካ ያ ሁላችን ያደነቅነው ሙላት ውፍረት አልነበረም፤ የደም ግፊት ያመጣው እብጠት ነበር። እርጉዝ ሴት ፊቷና እጇ ድንገት ሲያብጥ፣ ራስ ምታቱ አልለቅ ሲላት፣ ዓይኗ ብዥ ሲልባት በዚያው ቀን ግፊቷንና ሽንቷን መታየት አለባት አሉኝ። ለእኔ ግን ረፍዶ ነበር። ሁለታችንንም ለማትረፍ ብለው ልጄን በስምንተኛ ወሯ በቀዶ ሕክምና አወጧት።

ያን ዕለት ስደውልልሽ በስንተኛ ወሯ ነው አልሽኝ። ስነግርሽ ዝም አልሽ፣ ዝምታሽም ገባኝ። የሰባት ወር ልጅ ይተርፋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ከዚያ ወዲህ ስትደውዪ ስለ እኔ እንጂ ስለ እሷ መጠየቅ ተውሽ። እኔም ከአንቺ አልተሻልኩም። ኢንኩቤተር የሚሉት የማሞቂያ ማሽን አጠገብ ቆሜ በመስታወቱ አያታለሁ እንጂ አልነካትም ነበር። ከለመድኳት በኋላ ብትሞትብኝ ምን እሆናለሁ እያልኩ ለልጄ በቁሟ አለቀስኩላት።

ሜሪ የምትባል ነርስ ነበረች፤ ወላጆቿ የእኛ አገር ሰዎች ናቸው፣ እሷ እዚሁ አሜሪካ ነው ያደገችው። ለምን እንደማልነካት ጠየቀችኝ። የስምንት ወሩን ነገር ስነግራት አልሳቀችብኝም። ሆድ ውስጥ የቆየችበት እያንዳንዱ ሳምንት እንደሚጠቅማት፣ ስምንት ከሰባት እንደሚሻል ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ከዚያ «ማሽኑ ሄልፕ ያደርጋታል፣ ግን አንቺን ትፈልጋለች። ሶ፣ ሸሚዝሽን ክፈቺ፣ ደረትሽ ላይ ላድርጋት» አለችኝ።

ዳይፐር ብቻ እንደለበሰች ራቁት ደረቴ ላይ አስተኝታ ብርድ ልብስ ደረበችብን። እማዬ፣ ትንፋሿ ይቆራረጥ የነበረው ልጅ ረጋ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ኤልዳድ እየተፈራረቅን ታቀፍናት፤ መጥባት እስክትችልም የታለበ ወተቴን በቱቦ ሰጧት። ዛሬ ልጄ ኪያ ሳሎኑን በዳዴ ታምሰዋለች። ብርድ ሲሆን ደረቷ ያስቸግራታል፣ ከእኩዮቿም ዘግየት ብላለች፣ ግን አለችልን። እነዚያን ያልታቀፈችባቸውን ቀኖች ሳስብ ከወለሉ አንሥቼ አቅፋታለሁ።

አክስቴ ፍሬ በቀደም ደውላ አንድ ነገር ነገረችኝ፤ አደራ አትቆጫት። ከእኔ በፊት በስምንተኛ ወሩ የተወለደ ወንድ ልጅ ነበረሽ አለችኝ። አዋላጇ አያድግም ስላለች በጥጥ ጠቅልለው ጥግ እንዳስቀመጡት፣ ስጡኝ ልቀፈው ስትዪ እንዳትለምጂው ብለው እንደከለከሉሽ፣ እስኪመሽ ድረስ ይተነፍስ እንደነበር። ዝምታሽን ጭካኔ አድርጌ ቆጥሬው ነበር፤ ይቅር በዪኝ።

ይኼን ልጻፍልሽ አልጻፍልሽ እያልኩ ብዙ አመነታሁ። ቢታቀፍ ኖሮ ይጠቅመው ነበር ማለት ቁስልሽን መነካካት ነው። ይተርፍ እንደነበር ደግሞ ማንም አያውቅም። ያልነገሩሽን ነገር ከየት ታመጪዋለሽ? ዝም ካልኩ ግን ነገ ሔራንንም አማረብሽ እያላችሁ ትስቁላታላችሁ።

ስለዚህ ክትትሏን አንድም ቀን እንዳታስተጓጉል። ፊትሽ ሞላ ያላት ሰው ካለ፣ ምንም አልሆንኩም ብትልሽም እንኳ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ልጁ ቀድሞ ከመጣ ደግሞ ወር አትቁጠሪ። ደረቷ ላይ እንዲያደርጉት ሐኪሞቹን ጠይቂ፤ እሷ ካልቻለች አንቺ እቀፊው።

የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ሔራንን ከነባሏ ከግዛቸው ሰላም በዪልኝ፤ ግዛቸውም ቀጠሮ ይዟት ይሂድ እንጂ በር ላይ አይቅር። አክስቴ ፍሬን ስለነገረችኝ አመስግኚልኝ። ለጎረቤታችን ለማራኪ የኪያን ፎቶ አሳዪያት። ከቤታችን ሰላም ያላልኩት አንድ ሰው ቀረ። እማዬ፣ ወንድሜን ምን ብለሽ ልትጠሪው አስበሽ ነበር?

ልጅሽ ውባለም

ሪቻርድሰን፣ ዳላስ አጠገብ
ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.