ቀጠሮ የማያከብር ጨጓራ

ጥቅምት 3
ጠዋት ስኳሬ 262። ማታ የቀመስኩት ግማሽ እንጀራ ነበር... ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ሆዴ ግን እንደ ተነፋ ነው። ሃረገወይን፣ "ዛሬም ቁርስህን ተውከው? ለሐኪሟ ንገራት እንጂ" አለች። "ጠዋት መብላት ልማዴ አይደለም" አልኳት። ሠላሳ ዓመት በአምባሳደርነት ያገለገለ ሰው ለሚስቱ የሰጠው መግለጫ ይኸው ነው።

ጥቅምት 4
ዶክተር ሊድያ፣ "ሆድዎ እንዴት ነው?" አለችኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። ጥያቄዋ የሕክምና፣ መልሴ የፕሮቶኮል።

ጥቅምት 9፣ እሑድ
እንዴት ብዬ ልጻፈው...
ለእህቴ ልጅ ለቢሩክ ኣርያምን ልንጠይቅ ከወዳጄ ከአቶ መኩሪያ ጋር ጎሮ ሄድን። አስቀድመን አትላስ ሰፈር ምሳ በላን። መታጠቢያ ቤት ተደብቄ ኢንሱሊኔን ተወጋሁ፣ ቅቤ የበዛበት ክትፎ አዘዝኩ። የልጅቷ አባት አቶ ይሕደጎ "ተቀመጡ" ሲሉ፣ "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አልኩ። ደንብ አክባሪ! ስለ ቢሩክ ምግባር አሥር ደቂቃ ተናገርኩ። ከዚያ ላብ... የእጅ መንቀጥቀጥ... "ልጃችሁን ለልጃችን ለ..." ስሙ ጠፋኝ። "ለመኩሪያ" አልኩ።
መኩሪያ ሰባት የልጅ ልጆች አሉት።
ጭማቂ አጠጥተው አስቀመጡኝ። ለሁለት ሳምንት ቀጠሩን። መኪና ውስጥ መኩሪያ፣ "ለባለቤቴ አንተ ነህ የምትነግራት" አለኝ።

ጥቅምት 10
ቢሩክ ደወለ። "ጋሼ፣ የኣርያም አባት ሽማግሌው ጠጥቶ ነው የመጣው ብለዋል። እንዲህ ላለ ቤተሰብ ልጄን አልሰጥም እያሉ ነው።"
ስኳር እንዳለብኝ ከቤቴና ከሐኪሜ በቀር ማንም አያውቅም። ክብሬን ጠብቄ... ሰካራም ተባልኩ።

ጥቅምት 11
ሁሉንም ለሊድያ ተናዘዝኩ። መነፋቱን፣ ማቅለሽለሹን፣ የትናንት ምግብ ማስመለሴን። "ስኳር ሲቆይ የጨጓራን ነርቭ ይጎዳል" አለች። "ምግቡ ሆድዎ ውስጥ ይዘገያል፤ መርፌው ቀድሞ ይሠራና ስኳርዎ ይወርዳል። ምግቡ ከሰዓታት በኋላ ሲያልፍ ደግሞ ይወጣል። ስኳሩ ሲወጣ ጨጓራው ይብሱን ይዘገያል።" ምርመራ አዘዘች። ቅባት ቀንሼ በትንሽ በትንሹ እንድበላ ነገረችኝ፤ የመርፌውን ሰዓትም ለወጠችው።
"ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም?"
የምርመራውን ወረቀት ተቀበልኳት።

ጥቅምት 23፣ እሑድ
ጎሮ። ገና ሳልጠየቅ ወንበር ለመንኩ። ተቀምጬ፣ "አቶ ይሕደጎ፣ ያን ዕለት አልጠጣሁም። የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ደብቄ ነው የኖርኩት፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የልጁ አይደለም" አልኩ።
እሳቸውም፣ "ታዲያ ዛሬ የሚጠይቁን ለማን ነው?"
"ለቢሩክ።"
"መኩሪያስ?"
"ራሱን አግልሏል።"
ሳቁ። እሺ አሉን።
ገበታ ሲቀርብ ጥቂት ቀምሼ አቆምኩ። ማንም አልተቀየመም። ቤት ስገባ ሃረገወይን፣ "ሆድህስ?" አለች።
"ተነፍቷል" አልኳት።