ጀርባዬ ላይ ያዘልኳት ስፌት መኪና

ውድ እታለም፣

የድሮ ሰዎች ደብዳቤ ሲጽፉ «ካንቺ ናፍቆት በቀር እኔ ደህና ነኝ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ናፍቆቱ እውነት ነው፤ ደህንነቱን ግን ገና ከሐኪሜ ጋር እየተማከርንበት ነው። ስለዚህ በሰላምታ አላደክምሽም። ይልቅ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። በአንድ እጅሽ ወረቀቱን፣ በሌላው መቀስሽን ይዘሽ እንደቆምሽ አውቃለሁ። መቀሱን አስቀምጪው።

«ምነው አይደውልም?» ትዪ ይሆናል። በስልክ ብነግርሽ ገና ስጀምር ትስቂብኛለሽ፣ መሃል ላይ ስደርስ ደግሞ «በል ቆይ፣ ደንበኛ መጣ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። የሐኪም ስም በተነሳ ቁጥር ደንበኛ ይመጣብሻል። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ብትቀዳድጂው እንኳ ሌላ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የምትቆጪበትን ልናገርና ይውጣልኝ። ተነቅሻለሁ። አዎ፣ እኔ፣ ያ የክትባት ሰዎች ሲመጡ ከመኪናሽ ጠረጴዛ ሥር የሚደበቀው ወንድምሽ። ጀርባዬ ላይ ነው፣ በግራ በኩል፣ ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ። «ገላህን እንደ ሽንት ቤት ግድግዳ አስሞነጫጨርከው!» ስትዪ ከዚህ ይሰማኛል። ግን ምን እንደተነቀስኩ ስታውቂ ትንሽ ትበርጃለሽ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ያንቺን ስፌት መኪና ነው። ያቺን አሮጌዋን የእግር መኪና፣ መዘውሯ ትልቅ የሆነውን፣ አንገቷ ላይ ያለው አበባ ተፍቆ ያለቀውን።

ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም። ላንቺ ግን ልንገርሽ። እናትና አባታችን ሲያልፉ እኔ ገና በእግሬ አልቆምኩም ነበር፣ አንቺም ራስሽ ልጅ ነበርሽ። የሰው ልብስ እየሰፋሽ፣ እኔን በጀርባሽ አዝለሽ ነው ያሳደግሽኝ። በሕይወቴ መጀመሪያ የማስታውሰው ነገር ጉንጬ ጀርባሽ ላይ ተለጥፎ የመኪናዋን ድምፅ መስማቴ ነው። ድምፁ ካንቺ ሆድ ውስጥ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። እንግዲህ አንቺ እኔን አዝለሽ መኪናዋን ካንቀሳቀስሽ፣ እኔ ደግሞ አድጌ መኪናዋን ልዘላት አልኩ። በምትመጪ ጊዜ ሸሚዜን አውልቄ ላስደነግጥሽ ነበር ሐሳቤ።

ያቺን ምልክት ደግሞ ታውቂያታለሽ። ሁለታችንም በግራ ጀርባችን ላይ ያለችን፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥቁር። አንቺ ስትወለጂ አዋላጇ አይታ «ይቺንስ ማርያም ስማታለች» አለች። እኔ ስወለድ «ደግማ መጣች!» ተባለ። ገላዬን ስታጥቢኝ ጀርባዬን ፈትገሽ ፈትገሽ፣ በመጨረሻ እዚያች ላይ ትስሚኝ ነበር። «ማርያም ያስተረፈችው ካለ ልልቀም ብዬ ነው» ትዪኝ ነበር። አንቺ አግብተሽ ከሄድሽ ወዲህ ያቺን ቦታ ያየ ሰው የለም። እኔ ራሴም አይቻት አላውቅም። ቀኑን ሙሉ መስታወት እየቆረጥኩ፣ ሰው መልኩን እንዲያይ እያደረግኩ የምኖር ሰው የገዛ ጀርባዬን አይቼ አላውቅም። መስታወት ፊት የሚቆም ሰው ሁሉ የሚያየው ፊቱን ነው።

የነቃሿ ቤት በመነጽር ቤቱና በጫማ ጠጋኙ መሃል ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ከበሩ ስንት ጊዜ እንደተመለስኩ እኔና ጫማ ጠጋኙ ነን የምናውቀው። በመጨረሻ «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ግባ ወይ ጫማህን ስጠኝ» አለኝ። አፈርኩና ገባሁ። የጠበቅኩት ክንዱ እንደ ጭኔ የሚወፍር ጎረምሳ ነበር። ያገኘሁት ግን መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ እንደ አስተማሪ ቆጣ የምትል ሴት ነው። አልጋው በላስቲክ ተሸፍኗል። ክፍሉ አልኮል አልኮል ይሸታል። መርፌውን ከነእሽጉ አሳይታኝ ፊቴ ቀደደችው። ንጽሕናዋን ላድንቅ ሲገባኝ ለማልቀስ ምንም አልቀረኝም።

«ሰው ነህ ቅጠል?» አለችኝ ስንቀጠቀጥ አይታ።

«ይቅርታ፣ መርፌ አልወድም።»

«የሚወድ ሰው አላጋጠመኝም። ብቻ ትንፋሽህን አትያዝ። ከያዝክ ራስህን ትስታለህ፣ ከዚያ አንተን ማንሳት ለኔ ነው የሚተርፈው።»

ትንንሽ የቀለም ስኒዎች ደረደረች። በመጀመሪያው ጥቁር ብቻ ቀዳች። በሚቀጥለው ጥቁሩን ቀንሳ ውሃ ጨመረችበት፣ በሚቀጥለው ደግሞ የባሰ ውሃ፣ እያለች እያለች የመጨረሻው የአመድ እጣቢ መሰለ። ነጩስ የታለ አልኳት።

«ነጭ የለም። የኔ ሥራ ጥቁርና ግራጫ ነው። ብርሃኑ ያንተው ቆዳ ነው። መርፌ ያልነካው ቦታ ሁሉ ያበራል።»

ደስ አለኝ። የመኪናሽ ብረት በኔ ቆዳ ሊያበራ ነው ብዬ ፍርሃቴ ጥቂት ጋብ አለ። ከዚያ ንድፉን ጀርባዬ ላይ ልትለጥፍ ጎንበስ አለችና አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መነጽር አጠለቀች።

«ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

«ማርያም የሳመችኝ ነው። ስወለድ ጀምሮ ያለ።»

«ትሳም። እኔ ግን ከላዩ ላይ ቀለም አላደርግም። ቀለም ከሸፈነው ነገ ቢለወጥ ሐኪም እንዴት አድርጎ ያየዋል?»

የመኪናዋ መዘውር የሚያርፈው ልክ እዚያ ላይ ነበር። ስለዚህ ጠረጴዛውንና እግሩን ሠርታ መዘውሩን ለሌላ ቀን ልትተወው ተስማማን፤ እስከዚያ ለቆዳ ሐኪም እንዳሳየውም አስጠነቀቀችኝ። ማሽኗን ስታስነሳ ጠርሙስ ውስጥ የተዘጋ ንብ መሰለኝ። ሕመሙ እንደፈራሁት አልነበረም፣ ይቆነጥጣል፣ ያቃጥላል። የከፋው ድምፁ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ያንቺ መኪና ናት፣ እታለም ናት የምትሰፋው፣ እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ስትጨርስ እንደ ልማዷ ሥራዋን በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

ሐኪም ጋ ሄድክ ወይ? አልሄድኩም። ላንቺ አልዋሽም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ያንቺው ነው፤ ማርያም የሳመችውን ማን ይነካል አልኩ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ነጭ ጋዋን ገና ከሩቅ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ስለዚህ ሥራ በዛብኝ እያልኩ፣ የመስታወት ትዕዛዝ እያሳበብኩ፣ ሁለት ወር ገደማ አሳለፍኩ። ደግሞም ቁስሉ ድኖ ግማሿ መኪና አምራ ነበር፣ እሷን መጨረስ ነበር ያጓጓኝ።

ለመዘውሩ ስመለስ ነቃሿ ጀርባዬን አየችና መርፌውን ሳትፈታ አስቀመጠችው። ስልኳን አውጥታ የያኔውን ፎቶ ፈለገች። አንዴ ፎቶውን አንዴ ጀርባዬን ታያለች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው መስታወት ጀርባዬን አዙራ አቆመችኝና ትንሽ የእጅ መስታወት ሰጠችኝ። የግድግዳው ከምሠራበት መስታወት ቤት የወጣ ነው፣ ጠርዙን አይቼ አወቅኩት። በገዛ እጄ በቆረጥኩት መስታወት ነው ያየሁት። እታለም፣ የባቄላ ፍሬ አልነበረም። ዳሩ እንደ ፈሰሰ ቀለም ተዝረክርኳል፣ በአንድ በኩል ጥቁር በሌላው ቡናማ ሆኗል፣ ፎቶው ላይ ካለው በግልጽ ሰፍቷል።

«ከሱ ራቅ አድርገሽ ትንሽ እንኳ...» አልኳት። ምን እንደምናገር አላውቅም ነበር።

«አልነቅስህም። ሐኪም ሳያይህ ብትመጣ በሩን ነው የምዘጋብህ» አለችና ወደ ውጭ ተጣራች። «አንተ ጠጋኝ! ይሄን ሰውዬ ታክሲ አሳፍርልኝ፣ ብቻውን ከለቀቅነው ቤቱ ይገባል!»

እንዴት እንዳወቀችኝ እንጃ። ጫማ ጠጋኙ መዶሻውን ጥሎ ተነስቶ ለሾፌሩ «ሐኪም ቤት በር ላይ አድርሰው፣ ሌላ ቦታ ውረድ ቢልህ እንዳትሰማው» አለልኝ።

ሐኪሙ ሽበታም ሰው ነው። መብራት ባለው አጉሊ መነጽር ብዙ አየኝ፣ ትንፋሹ ጀርባዬ ላይ ይሰማኝ ነበር። ሰው ዝም ብሎ ጀርባሽን ሲያይሽ እንዴት እንደሚያስፈራ አልነግርሽም። ከዚያ ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ምልክት ያለው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ባለፈው የደወልሽልኝ ቀን ትዝ አለኝ። «ይቺ ማርያም የሳመችኝ ሰሞኑን ታሳክከኛለች። አክኬ አክኬ ቀሚሴን ደም አስነካሁት። አንተ ናፍቀሃት ይሆናል» አልሽኝ። አንቺ ሳቅሽ፣ እኔም አብሬሽ ሳቅኩ። ያ ሳቅ ሐኪሙ ከጠየቀኝ ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም።

«እህቴ አለች» አልኩት። «እዚያው ቦታ ላይ። ግን አታሳይም። ማርያም የሳመችውን ሐኪም አይነካውም ነው የምትለው።»

ይስቃል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። «እናት የሳመችው ልጅ ሐኪም ቤት አይሄድም ያለው ማን ነው?» አለኝ። አንቺ ብትሆኚ ምን ትዪው ነበር?

ለምርመራ ቆረጡልኝ። ማደንዘዣውን ሲወጉኝ የነርሷን እጅ ጨብጬ ይዤ ኖሮ በኋላ ጣቶቿን ስታሽ አየኋት። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ የሠራሁት ሥራ ሁሉ ተበላሸ። መስታወት እያዛነፍኩ ቆርጬ ስጥል አለቃዬ «ወይ ልብህን ይዘህ ና ወይ መስታወቴን ተው» አለኝ። እህል አልወርድ አለኝ። ልደውልልሽ ስልኬን አነሳና ምን ብዬ እጀምራለሁ እያልኩ መልሼ አስቀምጠው ነበር።

ውጤቱን ሐኪሙ ራሱ ነገረኝ። «ክፉው ዓይነት ነው» አለ። ከዚያ በኋላ የተናገረው አልተሰማኝም፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ አያለሁ። ትከሻዬን ይዞ ደገመልኝ።

«ስማኝ ልጄ። ክፉ ነው፣ ግን ገና ከላይ ሳለ ነው የደረስንበት። ሥር አልሰደደም። ዙሪያውን ጨምረን እንቆርጠዋለን፣ ከዚያ በየጊዜው እየመጣህ ታሳየኛለህ። ስንት ሰው ነው ከረፈደ የሚመጣ መሰለህ። ላጽናናህ የምልህ እንዳይመስልህ፣ እድለኛ ነህ። እህትህን ግን ቶሎ ንገራት።»

ሁለተኛውም ተቆርጦ ተሰፋ። ስፌቱን በመስታወት አይቼዋለሁ፣ አንቺ ብትሆኚ እንዲህ አታጣምሚውም ነበር። ለራሴ መፍራቱ አላለቀልኝም፣ ሸሚዜ ጀርባዬን በነካኝ ቁጥር እበረግጋለሁ። አሁን ግን ከዚያ የበለጠ የሚያስፈራኝ ያንቺ ጀርባ ነው። የኔን ነቃሿ አየችልኝ። ያንቺን ማን ያያል? ባልሽ ሾፌር ነው፣ በየመንገዱ ያድራል፣ ልጆችሽ አድገዋል፣ አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው ጀርባ ስትለኪ ትውያለሽ። ምናልባት ያንቺው ምንም አይደለም። ምንም ባይሆን ስቀሽ ስቀሽ ግደይኝ፣ ለጎረቤት ሁሉ አውሪብኝ፣ ቅር አይለኝም።

ከጠረጴዛሽ ሥር ስደበቅ ለክትባት ሰዎቹ ምን ትያቸው እንደነበር ታስታውሻለሽ? «ተዉት፣ ፈሪ ለእናቱ ነው።» እናት ስላልነበረኝ ለማን እንደምተርፍ ግራ ይገባኝ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜ ነው የገባኝ፤ የተረፍኩት ላንቺ ነው። አንቺ ግን ዕድሜሽን ሙሉ ስለ እኔ ደፋር ሆነሽ ኖርሽ። ሌባ በመቀስ አባረርሽ፣ አከራይ በአፍሽ መለስሽ፣ እኔን ፈርቼ እንዳላድር ስትዪ አንድም ቀን አልፈራሽም። አሁን እለምንሻለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ፍሪ። እኔም እንደ ሰው የምትተርፍልኝ እህት ትኑረኝ።

ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ማግስት እኔም እደርሳለሁ። ሸሚዜን አውልቄ መኪናሽን አሳይሻለሁ። መዘውሯ አልተሠራም፣ በሱ ፈንታ ጠባሳ ነው ያለው። ነቃሿ ቁስሉ ሲድን ዙሪያውን እሠራልሃለሁ፣ ጠባሳውን ግን አልነካውም ብላኛለች። ከዚያ አንቺ ታሳዪኛለሽ፣ ከዚያ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን። እጄን ያዢኝ፣ በሩ ላይ ስደርስ እንደምመለስ ታውቂያለሽ።

እስከዚያው አትከኪው። ደግሞ ስመጣ «ቆይ፣ ደንበኛ መጣ» እንዳትዪኝ። በሩን የሚያንኳኳው ደንበኛ እኔ ነኝ።

ያንቺው ፈሪ